ከበሩ ላይ የወደቀው ጁቡልፖር

ፓንዲት ሃሪሻረን ዱቤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ይውረድ!» እያሉ የታገሉት ስም በመጨረሻ ወረደላቸው፤ የወረደው ግን በራሳቸው ደረት ላይ ነው። በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት በር አናት ላይ ተለጥፎ የኖረው የእብነ በረድ ሰሌዳ ለሁለት ተሰብሮ፣ ሽማግሌው ከሥሩ በጀርባቸው ተንጋለው አመሻሽ ላይ ተገኙ። አንደኛው ስባሪ «ጁቡል» ይላል፣ ሌላው «ፖር»።

ከተማችን ጀበልፑር ናት። እናቶቻችን እንደዚያ ብለው ነው የሚጠሯት፤ ባቡሩም፣ ፖስታውም፣ መንግሥትም እንደዚያው ይጽፋታል። እንግሊዞቹ ግን በጊዜያቸው ጆሯቸው የያዘላቸውን ያህል ጽፈው «ጁቡልፖር» አሏት። ካንፑርን ካውንፖር፣ ፑኔን ፑና ያሉ ሰዎች እኛን ለይተው ሊምሩን አይችሉም። ያ ስም ከየግድግዳው እየተፋቀ አልቆ፣ የቀረው በመቃብር ድንጋዮችና በዚህ በር ላይ ብቻ ነበር። ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ፓንዲት ዱቤ እሱንም ሊያስነሱ ለቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ሲጽፉ፣ ሲለምኑ፣ ሲሰደቡ አርጅተው፣ በዚህ ዓመት ተፈቀደላቸው። ሰሌዳው ሊወርድ የተቀጠረው እሳቸው በሞቱ ማግስት ነበር።

በዚያው ማግስት ጠዋት ከወንጀል ምርመራ የተላከችው ኢንስፔክተር ማንዳኪኒ ኡይኬ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከጫካው ዳር ከጎንድ ጎሳ መንደር የወጣች ሴት ናት። ሰው ስታነጋግር ነገሩ ያልገባት ትመስላለች፤ በዚህ የተሸወዱ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ እስር ቤት ሆነው ያስቡታል።

«ማዳም፣ በከንቱ ደከሙ» አለ የጣቢያው ምክትል ኢንስፔክተር ቶማር፣ ሬሳው ላይ የተዘረጋውን ሸራ እየገለጠ። «ሰውዬውን ትናንት አመሻሽ ይዘነዋል። ናቱራም ነው፣ ድንጋይ ጠራቢው። አምኗል።»

«ምን ብሎ አመነ?»

«ሰሌዳውን ነቅሎ ሽማግሌው ላይ ለቀቀው። የቀረጸው አያቱ ነው፤ እንዲወርድ በመወሰኑ ቂም ይዞ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ የመሮውን ድምፅ ሰምቷል።»

«እስቲ ላነጋግረው።»

«አሁን ሆስፒታል ነው። ያው… ለመዝገቡ የሚሆን የጤና ማስረጃ። ከሰዓት ነው የሚመለሰው።»

«ማንም እንዳይነካው።»

«ኧረ ማን ይነካዋል፣ ማዳም!»

ኡይኬ ቁጢጥ አለች። የሽማግሌው ራስ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ዝናቡ ካጠበው የተረፈው ደም በደረጃው ጠርዝ ስንጥቅ ውስጥ ደርቋል። ሰሌዳው ያረፈበት ደረታቸው ግን ብዙም አልደማም። ሬሳውን ቀና ስታደርገው ከጀርባቸው ሥር ያለው አፈር ደረቅ አቧራ ሆኖ አገኘችው። ዙሪያው ያለው መሬት ግን ከትናንቱ ዝናብ ገና አልጠፈፈም። ሸሚዛቸው ላይና ጭቃው ላይ ደግሞ ከሰሌዳው መጋጠሚያ የረገፈ የኖራ ፍርፋሪ ተበትኗል፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ውኃ ያልነካው። ከዚያ ሰሌዳውን ለማውረድ ቀድሞ የቀረበውን መሰላል ወጥታ የሰሌዳውን ቦታ አየች። ከሥር ያለው መጋጠሚያ ተቦርቡሮ አልቋል፤ ከላይ ያለው ምንም አልተነካም። መሮ የሚተወው ቀጭን ጭረት የለም፤ ኖራው የተፈነቀለው በደነዘ ብረት ነው።

«ዝናቡ መቼ ጣለ?» አለች ከላይ ሆና።

«ከምሳ በኋላ ጀመረ፣ ወደ ማምሻው አባራ» አለ ቶማር። «ለምን ጠየቁኝ?»

«ልብሴን ደጅ አስጥቼ መጥቼ ነው» አለችና ወረደች።

ከመንገዱ ማዶ፣ በእብነ በረድ ብናኝ የነጣች ደሳሳ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ አንዲት ሴት ከንጋት ጀምሮ ቆማለች። የናቱራም ሚስት ኬሰርባይ ናት። ኡይኬ ስትቀርብ እግሯን ልትነካ ዝቅ አለች።

«ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ የሴት ልጅ አምላክ ነው እርስዎን ያመጣልኝ» አለች። «ባሌ አልገደለም። ግን እኔ የምለምንዎ ሌላ ነው። የፈለጋቸውን ያህል ይሰሩት፣ ይስደቡት፣ እጁን ብቻ እንዳይነኩብኝ። ጣቱ ከተነካ አለቀልን። ሌላ ምንም አያውቅም።»

«አዝዣለሁ፣ ማንም አይነካውም» አለች ኡይኬ። «ትናንት የት ነበር?»

«የት ይሆናል? እዚሁ፣ ከአምላኩ ፊት!»

ትናንት የቪሽዋከርማ ቀን ነበር፤ የእጅ ባለሙያ ሁሉ አምላክ። በሱቁ ጥግ የአምላኩ የሸክላ ምስል ቆሟል። ከፊቱ መሮው፣ መዶሻው፣ ሞረዱ ታጥቦ፣ በቀይ ክር በአንድ ላይ ታስሮ፣ ቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ ቢጫ አበባ ተደፍቶበት ተኝቷል። በዚያ ቀን መሣሪያ ያርፋል። በማግስቱ ምስሉን ወንዝ አውርደው እስኪመለሱ ባለቤቱ እንኳ አይፈታውም። ክሩ አልላላም፤ በቋጠሮው ላይ የደረቀው ዱቄት አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።

«መሮ ተውሶስ እንደሆነ?»

«ከማን? በዚህ መንገድ ትናንት ያልታሰረ መሮ ካለ ዓይኔን ይንሳኝ።»

«ፓንዲትጂ ትናንት መጥተው ነበር?»

የኬሰርባይ ፊት ተበላሸ። «መጥተው አምላኩን ተሳለሙ። ጣፋጩን በቅጠል ሳህን ሰጠኋቸው፣ በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ። ከዚያ ናቱራምን ‹ነገ አትምጣ፣ ሰሌዳው ይቆይ› አሉት። እሱም ‹ጉድ ነው! ሠላሳ ዓመት ጮኸው ጮኸው አሁን ይቆይ?› ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸውም ሳቁ። ሊሄዱ ሲሉ ‹ለዚያ ከማይሱሩ ለመጣው የቤተ መጻሕፍት ልጅም አንድ ሳህን ስጭኝ፣ ብቻውን ነው፣ ማንም ጣፋጭ አይሰጠውም› አሉኝ። ይዘው ተሻገሩ። ደመናው ያኔ ጠቁሮ ነበር።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ያረጀች ቪላ የሚኖሩት ዴዝሞንድ ሮዛሪዮ የቦርዱ አንጋፋ አባል ናቸው። የእንግሊዝና የህንድ ክልስ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ የመጨረሻው ሰው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልጆቻቸው አውስትራሊያ ገብተዋል፣ ጎረቤቶቻቸው መቃብር። ሰሌዳው እንዳይወርድ በቦርዱ ውስጥ ብቻቸውን የተሟገቱት እሳቸው ነበሩ። ኡይኬ ስትገባ ካርታ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ከፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር ያያሉ።

«ጠላቴ ሞተ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ካርታ ስንጫወት ‹ጁቡል› እያለ ነው የሚጠራኝ፣ እኔም ‹ጀበል› እለዋለሁ። አሁን ማን ይሰድበኛል?»

«አንክል፣ ሰሌዳው እንዲቆይ ጠይቀዋቸው ነበር?»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ካርታ ሰበሰቡ። «ባለፈው እሑድ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌለኝ ነግሮኛል። ‹ጀበል› አልኩት፣ ‹ስሙ ስህተት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ጆሮ በሌላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ግን የእናቴ መቃብር ላይ ያለው እሱ ነው፤ እኔም የተወለድኩባት ከተማ እሷ ናት። እስክሞት ተወው፣ ከዚያ ሰባብረው።› ‹አንተ ሽማግሌ፣ አልሞትም ብለህ ልታሞኘኝ ነው› አለኝና ሄደ። ትናንት ከምሳ በፊት በመስኮቱ ብቅ ብሎ ‹ጁቡል፣ ቶሎ ሙትልኝ፣ ድንጋይህ ይቆይሃል› ብሎኝ አለፈ።»

«ሰሌዳው ሲወድቅስ ሰሙ?»

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሻዬን ይዤ በረንዳ ወጥቼ ነበር። ለቶማር ብነግረው ‹አንክል ጆሮዎ ደክሟል› አለኝ።»

የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ ሽሪካንታ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ዓይኖቹ በለቅሶ ያበጡ ቀጭን ሰው ነው። ከደቡብ፣ ከማይሱሩ ከተማ የመጣው በብርዱ ወራት፣ በዚህ ዓመት ጥር ነው፤ የፓንዲት ዱቤን ጽሑፎች አንብቦ፣ ሥራውን ለቆ፣ «ደቀ መዝሙርዎ ልሁን» ብሎ። ክፍሉ በመጻሕፍት ሣጥን ተጨናንቋል፤ የሣጥኖቹ መክፈቻ የብረት ዘንግ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ኡይኬ እንደ ደከማት ሆና እዚያው አጠገቡ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«የሰማኸውን እስቲ ንገረኝ» አለች።

«መሮ ሲያንኳኳ ሰማሁ። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ናቱራም እያላላው ነው ብዬ አልወጣሁም። ከዚያ ትልቅ ድምፅ ሆነ። ወዲያው ዝናቡ መጣና መውጣት አልቻልኩም።»

«ፓንዲትጂን ቀን አግኝተሃቸው ነበር?»

«በጭራሽ።»

ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ከወረቀት ክምር ኋላ፣ የቅጠል ሳህን አለ፤ ቢጫው ጣፋጭ አልተነካም፣ ጉንዳን ወርሮታል። ከጣፋጩ መሃል የአበባ ቅጠል ተጣብቋል።

«ጉንዳን ጨረሰብህ እኮ! ከየት አመጣኸው?»

«ከ… ከሱቅ ገዝቼ ነበር። አልበላ አለኝ።»

«ማይሱሩ ደስ ይላል አሉ» አለች ኡይኬ እንደ መነሣት ብላ። «እንደኛ መሣሪያ የምታከብሩበት ቀን አላችሁ?»

«እንዴ! በዳሳራ በዓል ነዋ፣ በዘጠነኛው ቀን። መኪናው፣ ማረሻው፣ ብዕሩ ሳይቀር ይታጠባል» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ገና ነው፣ በሚቀጥለው ወር ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። ኡይኬ እጁን ነካ አድርጋ አጽናናችውና ወጣች፤ ስትወጣ የብረት ዘንጉን ጫፍ በመሐረቧ ጠረገችው። መሐረቡ ኖራ ይዞ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በንባብ አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሮዛሪዮ፣ ሽሪካንታና ቶማር። ኬሰርባይ ወንበር ቢሰጣትም በሩ ሥር ቆመች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች ኡይኬ። «ከሥሩ እንጀምር። ከፓንዲትጂ ጀርባ ያለው አፈር ደረቅ ነው። ስለዚህ ዝናብ ሳይመጣ ወድቀዋል። ከላያቸው የረገፈው ኖራ ደግሞ ውኃ አልነካውም። ስለዚህ ሰሌዳው የተነቀለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በበዓልና በዝናብ መንገዱ ላይ ሰው ስላልነበረ፣ ሰውዬው ዝናቡን ሙሉ ሞተው ተኝተዋል፤ ከዚያ አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ ድንጋይ ለቀቀባቸው። የአንክል ጆሮ አልደከመም፣ ቶማር።»

ቶማር ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሱም ቢሆን ናቱራም ሊሆን ይችላል፣ ማዳም።»

«ናቱራም ሰሌዳ ሲያወርድ ከሥር ይጀምራል? ሥሩን ከፈታህ በራስህ ላይ ነው የሚመጣው። ጠራቢ ሁሉ የላይኛውንና የጎኑን አስለቅቆ፣ ሥሩን ደግፎ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ይህን የነቀለው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው፣ ያውም በሣጥን መክፈቻ።» መሐረቧን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይኸው ኖራው።»

የሽሪካንታ ትንፋሽ ተሰማ።

«አሁን ወደ መሮው እንምጣ። አንድ ሰው ትናንት ጠክ ጠክ ሲል ሰማሁ ብሎናል። ትናንት ምን ቀን ነበር፣ ቶማር?»

«የቪሽዋከርማ… » አለና ቶማር አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«የጣቢያውን ጂፕ በአበባ ያስጌጥከው አንተ አይደለህም እንዴ? አበባው ዛሬም መስታወቱ ላይ አለ። ያን ቀን በዚህ ከተማ መሮ አልተንኳኳም። ይህን የማያውቅ እዚህ ገና የመጀመሪያ መስከረሙን የሚያሳልፍ ሰው ብቻ ነው፤ በአገሩ የመሣሪያ ቀን በሚቀጥለው ወር የሆነ ሰው። ፓንዲትጂ ከናቱራም ሱቅ የተባረከ ጣፋጭ ይዘውልህ መጡ፣ ሽሪካንታ። ከሱቅ ገዛሁት አልከኝ። የአበባ ቅጠል የገባበት ጣፋጭ የትኛው ሱቅ ይሸጣል?»

ሽሪካንታ አልካደም። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሲናገር ግን ድምፁ ቁጣ ነበረው።

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ! ‹ጌታ ያወጣለትን ስም የሚሸከም ከተማ ገና አሽከር ነው› ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያን አንብቤ ነው እናቴን ጥዬ የመጣሁት። ትናንት ሳህናቸውን ይዘው መጡና ‹ይቆይ፣ ሽሪካንታ፣ ዴዝሞንድ እስኪሞት ይቆይ› አሉኝ። እየሳቁ! ለአንድ ሰው ዕንባ ሠላሳ ዓመት ይጣላል? እስከ በሩ ተከትዬ ለመንኳቸው። ‹ልጄ፣ ፊደል ከሰው አይበልጥም› አሉኝ። ያኔ ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ። ራሳቸው ደረጃው ላይ…»

«ከዚያስ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ በመስኮት እያየኋቸው ተቀመጥኩ። ሰሌዳውን ያወረድኩት ሥራቸውን ሲሠሩ ሞቱ እንዲባል ነው። ሰው እንዲኮራባቸው።»

«ናቱራምስ?» ያለችው ኬሰርባይ ናት፤ ከበሩ ሥር።

ሽሪካንታ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ቶማር ‹ሽማግሌ ብቻውን ድንጋይ ነቀለ? ማን ነቀለው?› ብሎ አፈጠጠብኝ። መሮ ሰማሁ አልኩ። አፌ ያመጣው ነው።»

ሮዛሪዮ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሞክረው መልሰው ተቀመጡ። «ለእኔ ብሎ ነው የሞተው» አሉ። «ድንጋይ እኮ ነው። ምን አለበት ዝም ብል? ምን አለበት ያን ቀን ዝም ብል?»

ኡይኬ ሽሪካንታን አስወስዳ ወደ ቶማር ዞረች። «የናቱራምን ቃል አምጣ። ልሰርዘው።»

ቶማር ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይሰጣት ትንሽ ይዞት ቆየ። ተቀብላ አየችው። ከግርጌው ፊርማ የለም፤ የአውራ ጣት አሻራ ነው ያለው፣ የግራ እጅ።

«ይህ ሰው በሁለት ቋንቋ ፊደል ድንጋይ ላይ ይቀርጻል» አለች ኡይኬ ቀስ ብላ። «ስሙን መፈረም ያቃተው ለምንድን ነው?»

ቶማር ወረቀቱን መልሶ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ሆስፒታል ለምን እንደሄደ ንገረኝ። መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ነው፣ ማዳም» አለ። «እርስዎ ገና ሳይመደቡ። የጣቢያው ልጆች ትንሽ… እንዲያምን ብለው ነው።»

ኬሰርባይ ሰምታለች። አልጮኸችም፤ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ ወደ ሆስፒታሉ መንገድ መሮጥ ጀመረች። ኡይኬ በቶማር ጂፕ ተከትላ ደርሳ አሳፈረቻት። ጠዋት ቶማር ሆስፒታል ነው ሲላት ለምን ብላ ጠይቃ አለመሄዷ ኡይኬን ከውስጥ ይበላት ነበር፤ ሄዳ ቢሆንም የምታድነው ነገር እንዳልነበረ ማወቋ ደግሞ አላጽናናትም።

ናቱራም ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሏል። ከጀሶው የወጡት ጣቶች ጠቁረው አብጠዋል። ሐኪሙ ኡይኬን ለብቻዋ ጠርቶ ጣቶቹ ማንኪያ ለመያዝ ይበቁ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ተስፋ አትስጪው አላት። ኬሰርባይ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቱን ይዛ ታለቅሳለች።

ኡይኬ ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደገደለ፣ እንዴት እንደታወቀ፣ እሱ ነፃ እንደሆነ። ጥፋተኞቹን የጣቢያውን ሰዎች እንደምትከስስ፣ ለዚያ ግን የእሱ ቃል እንደሚያስፈልጋት ነገረችው።

«ይተውት፣ ዲዲ» አለ ናቱራም። «እርስዎ ነገ ይሄዳሉ። ቶማር እዚሁ ነው፣ እኔም ሱቄም እዚሁ ነን።»

«እውነቱ እኮ ወጥቷል፣ ናቱራም!»

«ወጥቷል፣ አምላክ ይስጥልኝ» አለ፤ በድምፁ ቂም አልነበረም። «ለእኔ ግን የሚያስፈልገኝ ትናንት ማታ ነበር።»